መንግሥት የአካባቢ ጥበቃን ሲያነሳ ፍርድ ቤት ምን ማድረግ ይችላል?

ጎንደር ውስጥ ስለ ቀሃ ወንዝ ዳርቻ፣ ስለ አንገረብ ግድብ ወይም ስለ ሰሜን ተራሮች ወሬ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በአንድ ጥያቄ ነው። «እሺ፣ መንግሥት ራሱ ከወሰነ ማን ይከለክለዋል?» ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይጠብቅም። ተስፋ ቆርጦ ነው የሚናገረው። እኔ ግን ጥያቄውን የምር ነው የምወስደው፣ ምክንያቱም ሕጋችን መልስ አለው። መልሱ ቀዳዳ የሞላው ነው፣ አድካሚም ነው። ቢሆንም ብዙዎቻችን ከምናስበው ይሰፋል።

ስለዚህ ጠበቃ ቢሮ ከመሄዳችን በፊት ማወቅ ያለብንን ነገር በተራ ቋንቋ ላስረዳ።

ጥበቃ እንዴት ነው የሚነሳው?

«ጥበቃው ተነሳ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፓርላማ አዲስ አዋጅ ሲያወጣ ነው። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ እንደዚያ በአደባባይ አይሆንም። አዋጁ ባለበት ይቀመጥና ከሥር ያለው ይሸረሸራል። የወገራ ገበሬ ያውቀዋል፤ እርከን አንድ ድንጋይ ሲጎድልበት ማንም ልብ አይለውም፣ ክረምት ሲገባ ግን አፈሩ ይሄዳል።

አንዳንዴ የፓርኩ ወሰን ይጠባል። አንዳንዴ በከተማው ፕላን ላይ አረንጓዴ ቦታ የነበረው በአንድ ደብዳቤ ለግንባታ ይሰጣል። ፋብሪካው ጥናት ሳይቀርብ ፈቃድ ያገኛል። ወይም ደግሞ ሕጉን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ሥልጣኑ ወደ ሌላ ይዛወራል።

የመጨረሻው በአገራችን በተግባር የታየ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ከልክሏል። የግምገማ ሪፖርቱን የሚመረምረውም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን የፌዴራሉ ባለሥልጣን ይህን ሥራ በውክልና ለየዘርፉ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች አስተላለፈ። ማዕድን የማስፋፋት ኃላፊነት ያለበት መሥሪያ ቤት የማዕድን ፕሮጀክቱ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ራሱ እንዲመዝን ሆነ ማለት ነው። ከአዋጁ ላይ አንድ ቃል አልተሰረዘም። ጥበቃው ግን ላላ። የሕግ ምሁራን ለዓመታት የወቀሱት ይህንኑ ነው፣ እኔም እስማማለሁ። ፕሮጀክቱ እንዲሳካ የሚፈልግና ፕሮጀክቱን የሚመዝን አንድ አካል መሆን የለበትም።

መጀመሪያ ወረቀቱን ለዩ

እንግዲህ አንድ ጥበቃ ተነስቷል እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ልክ ነው ወይስ ስህተት?» አይደለም። «ጥበቃውን ያነሳው ወረቀት ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ነው። ደብዳቤ ነው? አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣው መመሪያ ነው? የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ነው? ፓርላማ ያወጣው አዋጅ ነው? የት እንደምትሄዱ የሚወስነው ይህ ነው።

ፓርላማ ያወጣው አዋጅ ከሆነ መደበኛ ፍርድ ቤት ሊሽረው አይችልም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ጉዳዩን አጥንቶ የሚያቀርብለት ደግሞ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። በአንቀጽ 84 መሠረት ጥያቄውን ለጉባኤው ፍርድ ቤት ወይም ባለጉዳይ ሊያቀርብ ይችላል። መንገዱ ክፍት ነው፣ ግን ረጅም ነው፤ ወሳኙ ደግሞ ዳኛ ሳይሆን የፖለቲካ ተወካዮች ያሉበት ምክር ቤት ነው። ይህን ማለስለስ አልፈልግም።

ወረቀቱ መመሪያ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወደ ታች በወረድን ቁጥር የፍርድ ቤት ጉልበት ይጨምራል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ለዚህ ትልቅ በር ከፍቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን ለሕዝብ ማሳወቅ፣ አስተያየት መቀበል፣ ማስመዝገብና በድረ ገጽ ላይ ማውጣት አለበት። ይህን ሥርዓት የዘለለ መመሪያ በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ መጠየቅ ይቻላል። የአስተዳደር ውሳኔም እንዲሁ። ከዚያ በፊት በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን የቅሬታ መንገድ መጨረስ ይጠበቃል።

ለጎንደር ሰው እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ በፓርኩ ላይ የሚሰጥ ውሳኔ በዚህ አዋጅ ሥር ይወድቃል። የከተማ አስተዳደሩ ወይም የክልል ቢሮ የሚሰጠው ውሳኔ ግን በፌዴራሉ አዋጅ አይዳኝም፤ መንገዱ በክልሉ ሕግና በክልሉ ፍርድ ቤቶች ነው። የክልሉ ሕጎች የሚታተሙት «ዝክረ ሕግ» በሚባለው የክልሉ ጋዜጣ ላይ ነው። የፌዴራሉን በነጋሪት ጋዜጣ ትፈልጋላችሁ። ሕግ ይሻሻላል፣ ስለዚህ እዚህ የምጠቅሳቸውን አዋጆችም ከመጠቀማችሁ በፊት የቅርቡን እትም አረጋግጡ።

«አንተን ምን አገባህ?» የሚለው ጥያቄ

በተለመደው የፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽ የሚፈተነው ገና በሩ ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 33 ላይ በክርክሩ ጉዳይ ጥቅም ወይም መብት እንዳለው ያላሳየ ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም ይላል። በወንዝና በደን ጉዳይ ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው። ሽንታ ወንዝ የማን ነው? የሁሉም ነው። የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ፍርድ ቤት ሲደርስ የማንም ይሆናል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይህን እንቅፋት ከመንገዱ ላይ አነሳው። አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅም እንዳለው ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት ይችላል። ይህ አንቀጽ በአገራችን ሕግ ውስጥ ካሉት ለጋስ አንቀጾች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። የአዘዞ ነዋሪ መሬቱ ላይ ጉዳት ባይደርስም ስለ መገጭ ወንዝ አቤት ሊል ይችላል። መምህሩም፣ ባለ ጋሪውም፣ ቄሱም።

ፈቃድ አሰጣጡን መቃወም ለሚፈልግ ደግሞ የግምገማ አዋጁ ራሱ የቅሬታ አንቀጽ አለው። በአንቀጽ 17 መሠረት በፈቃዱ ወይም በክትትሉ ቅር የተሰኘ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቅሬታውን ያቀርባል። አንቀጽ 15 ደግሞ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ይህችን አንቀጽ ያዟት፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የሚመለከት ፖሊሲና ፕሮግራም ሲነደፍና ሲፈጸም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 37 ማኅበራት አባሎቻቸውን ወክለው ፍርድ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ይህ ሁሉ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። የሚገርመው፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 2022 ጤናማ አካባቢ የሰው ልጅ መብት ነው ብሎ ሲወስን 161 አገሮች ደገፉ፣ አንድም አልተቃወመም፣ ስምንት ድምፅ ታቀቡ። ከታቀቡት አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በራሷ ሕገ መንግሥት ላይ ከጻፈች ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኗታል። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ቢነገረን ደስ ይለኛል።

ታዲያ በሩ ይህን ያህል ክፍት ከሆነ ለምን ክስ አናይም? አንዱ ምክንያት የሚታወቅ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳይ ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። እንዲህ ዓይነት ክስ ሊይዙ የሚችሉት ድርጅቶች ለአሥር ዓመት ያህል ተዳከሙ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሯል። የተሰበረው ልምድ ግን በአዋጅ አይመለስም።

ሌላው ምክንያት ማንን እንደምንከስ አለማወቅ ነው። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ማኅበር የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ሲበከሉ ዝም አለ በሚል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ፍርድ ቤት አቆመ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ክሱን አልተቀበለም። ወንዙን የበከለው ባለሥልጣኑ ስላልሆነ ሊከሰስ አይገባም የሚል ነበር መልሱ። በዚህ ውሳኔ አልስማማም። ተቆጣጣሪው ዝም በማለቱ ካልተጠየቀ መቆጣጠሩ ምን ዋጋ አለው? ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው። ብክለት ከሆነ አቤቱታው ለባለሥልጣኑ፣ ክሱ በበካዩ ላይ። ጥፋቱ የባለሥልጣኑ ውሳኔ ከሆነ ደግሞ ውሳኔውን ራሱን ማስከለስ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ መዝገብ ዋናው ክርክር ሳይሰማ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሊወድቅ ይችላል።

ሌሎች እንዴት አሸነፉ?

የእኛን የሰሜን ተራሮች ጉዳይ በጣም የሚመስለው የሴሬንጌቲ ፓርክ ጉዳይ ነው። የታንዛኒያ መንግሥት በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል የሚያልፍ አስፋልት መንገድ ለመሥራት አቀደ። መቀመጫው ኬንያ የሆነ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ጉዳዩን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የፍትሕ ፍርድ ቤት ወሰደው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በጁን 2014 አስፋልቱ በፓርኩ ውስጥ እንዳይሠራ ከለከለ። መንግሥት መንገድ መሥራት አይችልም አላለም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች አካባቢን ለመጠበቅ የገቡትን ስምምነት ይህ መንገድ ይጥሳል ነው ያለው። ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች እኛ ወደዚያ ፍርድ ቤት መሄድ አንችልም።

እኛ ያለን ሌላ ነገር ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ1996 የዋልያ ቁጥር መቀነሱ፣ እርሻ መስፋፋቱና በፓርኩ የሚያልፈው መንገድ አሳስቦ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ለመውጣቱ ከረዱት ነገሮች አንዱ ከፓርኩ ውጪ የሚያልፍ አማራጭ መንገድ መሠራቱ ነበር። ዩኔስኮ ፍርድ ቤት አይደለም፣ ማንንም አይቀጣም። ነገር ግን ከመንግሥት ውጪ ካለ አካልም መረጃ ይቀበላል፣ መንግሥትንም ማብራሪያ ይጠይቃል። በአገር ውስጥ ክርክር ላይም መንግሥት ራሱ የፈረመው ስምምነት ጥሩ ማስረጃ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ያጸደቅናቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸውና።

ላሙ ከምትባለው የኬንያ አካባቢ የሚገኘው ትምህርት ለየት ይላል። እዚያ ባሕር ዳርቻ ላይ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ሊሠራ ፈቃድ ወጥቶ ነበር። የላሙ ነዋሪዎች ተከራክረው የአገሪቱ የአካባቢ ጉዳይ ትሪቡናል እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ፈቃዱን ሰረዘው። ዋናው ምክንያት ሕዝቡ በአግባቡ አልተወያየበትም የሚል ነው። የግምገማ አዋጁን አንቀጽ 15 ያዟት ያልኩት ለዚህ ነው። እኛም ጋ ሪፖርቱ ለሕዝብ መቅረብ አለበት የሚል ሕግ አለ። የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ስም ፈርመው አበል የተቀበሉ ሰዎች ዝርዝር «ውይይት ተደርጓል» ተብሎ ሲቀርብ ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ሪፖርቱ ለማን፣ መቼ፣ በምን ቋንቋ ተሰጠ?

ራቅ ስንል ደግሞ ሥልጣን ራሱ የተፈተነባቸው ጉዳዮች አሉ። የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ሚሼል ቴሜር እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 በአማዞን ውስጥ 46 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋን የተከለለ ቦታ በአንድ ድንጋጌ ለማዕድን ቁፋሮ ለመክፈት ሞከሩ። አንድ የፌዴራል ዳኛ በቀናት ውስጥ አገዱት፤ ይህ የፕሬዚዳንቱ ሳይሆን የምክር ቤቱ ሥልጣን ነው በሚል። በቀጣዩ ወር መንግሥት ድንጋጌውን ራሱ አነሳ። አሜሪካም ውስጥ እ.ኤ.አ. በማርች 2019 የአላስካ ፌዴራል ዳኛ ተመሳሳይ ነገር ወሰኑ። ሕጉ ፕሬዚዳንቱ ባሕርን ከነዳጅ ቁፋሮ እንዲከልል ይፈቅድለታል፣ የተከለለውን መልሶ እንዲከፍት ግን ሥልጣን አልሰጠውም አሉ።

እነዚህ ከሳሾች ፍርድ ቤት ገብተው «ተፈጥሮ ውብ ነች» ብለው ብቻ አይደለም የረቱት። ማን ወሰነ? ሥልጣን አለው ወይ? ጥናቱ የት አለ? ሕዝቡ ተጠየቀ ወይ? የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው መዝገቡን የያዙት። ዳኛ ደን ከመንገድ ይበልጣል ወይስ አይበልጥም ብሎ መፍረድ ይከብደዋል። ሥርዓት ተዘልሏል ወይስ አልተዘለለም ብሎ መፍረድ ግን የዕለት ሥራው ነው።

ይህ ስልት ድክመትም አለው። በሥርዓት የተሸነፈ መንግሥት ሥርዓቱን አሟልቶ ሊመለስ ይችላል። ጥናት ያስጠናል፣ ውይይት ይጠራል፣ እንደገና ይወስናል። ስለዚህ የምታገኙት ፍርድ አንዳንዴ የመጨረሻ ሳይሆን ጊዜ የሚገዛ ነው። ጊዜ ግን ቀላል ነገር አይደለም። የተቆረጠ የሐበሻ ጽድ በአንድ ክረምት አይበቅልም፤ ያልተቆረጠው ግን በሚቀጥለው ዓመትም ለክርክር ቆሞ ይጠብቃል።

መዝገቡን መያዝ

አብዛኛው ጉዳይ የሚሞተው ችሎት ፊት ሳይሆን መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ኃላፊውን ቢሮው ድረስ ሄዶ ማናገር ጥሩ ነው፤ ለፍርድ ቤት ግን አልተናገራችሁም ማለት ነው። አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፣ በሁለት ቅጂ ይሁን፣ በእናንተ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይመታበት። «አለቃው ስለሌሉ አንቀበልም» ከተባላችሁ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩትና ደረሰኙን ያዙ። የ30 ቀኑ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚህች ማኅተም ነው።

ሰነድ ሲከለከል የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለምን እንደፈለጋችሁት ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። የፕላን ካርታ፣ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የጥናት ሪፖርት፣ ቃለ ጉባኤ፣ ቀን ያለው ፎቶ ሰብስቡ። የአካባቢው ሽማግሌ ወንዙ ከዚህ በፊት እስከ የት ይሞላ እንደነበር የሚሰጡት ምስክርነትም ማስረጃ ነው።

ዛፍ እየተቆረጠ ወይም ረግረጉ እየተደፈነ ከሆነ ፍርድ እስኪሰጥ መጠበቅ አይቻልም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ያለው የጊዜያዊ ዕግድ ክፍል ለዚህ ነው። ዕግድ ስትጠይቁ ዳኛው ማየት የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሥራው ከቀጠለ ኋላ በገንዘብ የማይካስ ጉዳት መድረሱን። ያንን በፎቶና በባለሙያ ቃል አሳዩ። ፍርድ ቤቶች በክረምት ለዕረፍት ሲዘጉም አስቸኳይ ጉዳይ የሚያዩ ተረኛ ችሎቶች አሉ።

ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ክስ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይችላል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የጎንደርን መጠየቅ ተገቢ ነው። ብቻችሁን ከመቆምም የዕድር፣ የሰበካ ወይም የወጣቶች ማኅበር ስም ቢኖርበት ይሻላል። በእኛ ክልል የጸጥታው ሁኔታ ከባድ በሆነበት ጊዜ መንገድ ይዘጋል፣ ቀጠሮ ይራዘማል፣ ስሙን በአቤቱታ ላይ ማኖር የሚፈራም አለ። ፍርሃቱን አላቃልልም። በማኅበር ስም የቀረበ አቤቱታ ሸክሙን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይጥልም።

በመጨረሻ ስለ ቀን አቆጣጠር። አቤቱታው ጥቅምት 1 ገቢ ከሆነ 30 ቀኑ ኅዳር 1 ይሞላል፤ ከዚያ ያለው የ60 ቀን የክስ ጊዜ ጥር 1 ያልቃል። ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቀላል ነው። ጳጉሜ ስትገባ ግን ሰው ይሳሳታል። አቤቱታው ነሐሴ 1 ከገባ 30 ቀኑ የሚሞላው መስከረም 1 ሳይሆን ጳጉሜ 1 ነው። የክሱ ጊዜም ኅዳር 1 አይደለም የሚያልቀው፤ ጥቅምት 26 ነው፣ ጳጉሜ ስድስት በሆነችበት ዓመት ደግሞ ጥቅምት 25። ቀኑን በወር ሳይሆን በቁጥር ቁጠሩ፣ ክሱንም ከመጨረሻው ቀን ቢያንስ ሳምንት ቀድማችሁ ሬጅስትራር ጋ አድርሱ።